ዳገቱን የወጣ መኪና ቁልቁለቱን ይችለዋል? ተሳቢ የሚጎትት የቤንዚን መኪና በላስታ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በደሴና በወልድያ በኩል ላሊበላ የሚገባ ተሽከርካሪ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከርቀቱ ይልቅ የሚያደክመው የመንገዱ ጠባይ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጣርማ በር ተነሥቶ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ደሴ ላይ እንደገና 2,500 ሜትርን ይጠጋል። ወልድያንና ድልብን ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር የሚቃረበውን የጋሸና አምባ ይወጣል። ከጋሸና የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ እስካለበት ሜዳ ድረስ 1,000 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ወደተቀመጠችው ከተማ እንደገና ዳገት ይይዛል። ከባሕር ዳር በወረታና በደብረ ታቦር በኩል የሚመጣውም ቢሆን ከ3,000 ሜትር በላይ ያለችውን ነፋስ መውጫን አልፎ ጋሸና ላይ ይገናኛል። ባዶ የቤት መኪና ይህን መንገድ በዝግታም ቢሆን ይሄደዋል። ከኋላው ተሳቢ የተቀጠለበት የቤንዚን መኪና ግን ሌላ ስሌት ይጠይቃል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተሰብ ለረጅም ጉዞ ሲነሣ ካራቫን የሚባለውን ተሳቢ ቤት ከመኪናው ኋላ አስሮ መሄድ የተለመደ ነው። ካራቫን አልጋ፣ ማብሰያና የውኃ ማጠራቀሚያ ያለው፣ የራሱ ሞተር ግን የሌለው ቤት ነው። ክብደቱ እንደ መጠኑ ይለያያል፤ ብዙዎቹ ከ1,000 እስከ 1,500 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። በሀገራችን ካራቫን እምብዛም አይታይም። «ተሳቢ» ሲባል ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልሰው ከባድ መኪና ነው። አፍሪካን ከሰሜን እስከ ደቡብ በመኪና የሚያቋርጡ የውጭ ተጓዦችም አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ተሳቢ ቤት ሳይሆን ማደሪያው በራሱ በመኪናው ላይ የተሠራለትን ተሽከርካሪ ነው። ይህን የሚያደርጉበት ምክንያት ከዚህ በታች ከሚነገረው ጋር የተያያዘ ነው።

ሆኖም ጉዳዩ የቱሪስት ብቻ አይደለም። በፒክአፕ ወይም በቤት መኪና ኋላ አነስተኛ ተሳቢ ቀጥሎ ድንች፣ ገለባ፣ የውኃ በርሜል ወይም የቤት ዕቃ ማጓጓዝ ለሚያስብ የከተማ ነዋሪና አርሶ አደር ሕጉ አንድ ነው። አሥር ኩንታል ድንች የተጫነበት ተሳቢና ባለ አልጋው ካራቫን ለሞተሩም ሆነ ለፍሬኑ ያው አንድ ቶን ናቸው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉ ጥር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን የቤንዚን መኪና ለረጅም ዓመት ማገልገል የግድ የሆነባቸው ብዙዎች ናቸው። ዕድሜው የገፋ መኪና ላይ ጭነት መጨመር ከአዲሱ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ነው።

አየር ሲሳሳ ሞተር ይደክማል

የቤንዚን ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ብቻ ሳይሆን ከሚተነፍሰው አየርም ጭምር ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ላሊበላ ላይ ያለው ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ የሚቃጠለው ነዳጅም እንደዚያው። በአማካይ የአየር መጫኛ ወይም ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ሰነዱ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈ መኪና ጋሸና ላይ ሲደርስ በእጁ የሚቀረው ከ70 እስከ 75 ብቻ ነው። ለዓመታት የሠራና የመጭመቅ ኃይሉ የቀነሰ ሞተር ከሆነ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይኖረዋል።

በካርቡሬተር የሚሠሩ የቀድሞ መኪኖች ላይ ሌላ ችግር ይታከላል። ካርቡሬተሩ ለቆላ አየር እንደተስተካከለ ደጋ ቢወጣ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ቤንዚን ይለቃል። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል። በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚሠሩት የአየሩን መሳሳት በራሳቸው ለክተው ቤንዚኑን ስለሚቀንሱ ከዚህ ችግር ነፃ ናቸው፤ የጠፋውን ጉልበት ግን አይመልሱም። ተርቦ ያለው ሞተር፣ ናፍጣም ይሁን ቤንዚን፣ ሳስቶ የገባውን አየር መልሶ ስለሚጭነው ከፍታው የሚያሳጣው ያነሰ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የሚመላለሱት የሕዝብና የጭነት መኪኖች በአብዛኛው ባለ ተርቦ ናፍጣ መሆናቸው ለዚህ ሥራ መመቸታቸውን ያሳያል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይነካውም፤ ይሁን እንጂ ተሳቢ ሲጎትት አንድ ጊዜ በተሞላ ባትሪ የሚሄደው ርቀት በእጅጉ ያጥራል። በመንገድ ላይ የመሙያ ጣቢያ እስካልተስፋፋ ድረስም ለረጅም ጉዞ አማራጭ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ አንድ ቶን የሚመዝን ተሳቢ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ለመያዝ ብቻ 100 ኪሎ ግራም ያህል የመጎተት ኃይል ያስፈልጋል። ጥማድ በሬ ሞፈርና ቀንበር ይዞ ሲያርስ የሚያወጣው ኃይል ከዚህ ብዙም አይርቅም። በሌላ አነጋገር አንድ ቶን ተሳቢ የቀጠለ አሽከርካሪ፣ በዚያ ዳገት ላይ እስካለ ድረስ፣ አንድ ጥማድ በሬ ያለ እረፍት ወደ ኋላ እየጎተተው እንደሚወጣ ሊቆጥረው ይችላል። መኪናው ከነተሳፋሪውና ከነሻንጣው 1,500 ኪሎ ግራም፣ ተሳቢው 1,000 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ይህን ዳገት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ከሞተሩ 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይጠየቃል። ከላይ እንደተገለጸው ባለ 100 ጉልበቱ መኪና ጋሸና አካባቢ ያለው ከ70 እስከ 75 ነው፤ ያውም ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲጮህ ብቻ። በመካከለኛ ዙር የሚያወጣው የዚያን ግማሽ ያህል በመሆኑ አሽከርካሪው ሳይወድ ወደ ሁለተኛ፣ ጠመዝማዛው ሲጠብቅም ወደ አንደኛ ማርሽ ይወርዳል። መንገዱ ጠጠር ከሆነ ወይም በክረምት ከጨቀየ የሚጠየቀው ኃይል ይበልጥ ይጨምራል።

ዳገቱ ላይ ሞተሩን የሚያሰጋው ሙቀት ነው። ዝግ ያለ ጉዞ፣ ከፍተኛ ዙርና ትንሽ ነፋስ በአንድነት ራዲያተሩን ያስጨንቁታል። በዚህ ላይ በ2,500 ሜትር ከፍታ ክዳን የሌለው ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደገኛው ሽሮ ወይም ባቄላ ሲቀቅል ጊዜ የሚወስድበትም ስለዚሁ ነው። ራዲያተሩ ከዚህ የሚድነው ክዳኑ ግፊት ይዞ የመፍያውን ደረጃ ከፍ ስለሚያደርግለት ነው። ላስቲኩ ያረጀ የራዲያተር ክዳን ቆላ ላይ ሳያስታውቅ ቆይቶ ደጋ ላይ ያጋልጣል። ዋጋው ከሞተር ጥገና ጋር የሚወዳደር ስላልሆነ ከጉዞ በፊት መለወጡ ብልህነት ነው። የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር የቤት ውስጥ ማሞቂያውን መክፈት ጥቂት ሙቀት ያወርዳል። ካልበቃ ለጥ ያለ ቦታ ፈልጎ መቆምና ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ነው፤ መርፌው ቀዩን ከነካ ወይም ውኃው ከፈሰሰ ግን ማጥፋት ይገባል። የፈላ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ዳገት ላይ ቆሞ መነሣትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በፍሪሲዮን ተይዞ የሚደረግ መንቀጥቀጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ የፍሪሲዮኑ ዲስክ መሽተት ይጀምራል። በእጅ ፍሬን መነሣት ይገባል፤ ረዳት ካለም ከተሳቢው ጎማ ኋላ ታኮ ይዞ መቆም አለበት። ረዳቱ የሚቆመው ግን በጎን በኩል እንጂ ከተሳቢው ኋላ ፊት ለፊት መሆን የለበትም።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከፋል

ዳገት ላይ ያልቻለ መኪና ይቆማል። ቁልቁለት ላይ ያልቻለ መኪና አይቆምም። ተሳቢ ለመቀጠል የሚያስብ ሰው «መኪናዬ ያወጣዋል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መሰማቱ የተለመደ ነው፤ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበት ግን «ያወርደዋል ወይ?» የሚለው ነው።

ከላይ የተጠቀሱት 2,500 ኪሎ ግራም መኪናና ተሳቢ ከጋሸና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ 1,000 ሜትር ሲወርዱ የሚለቀቀው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። አሽከርካሪው ሌላ ዘዴ ካልተጠቀመ ይህ ሁሉ እሳት የሚያርፈው ከጎማዎቹ ውስጥ ባሉት ጥቂት ኪሎ ብረትና በቀጫጭን የፍሬን ሸራዎች ላይ ነው። ሸራው ከልክ በላይ ሲሞቅ መንሸራተት ይጀምራል፤ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አይዝም። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ አረፋ ይሆንና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ፈሳሽ ነው። «ዶት 3» የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠግብ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። «ዶት 4» ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ሁለት ዓመት ያለፈው የፍሬን ዘይት ተቀይሮ ካልሆነ ከዚህ ቁልቁለት ጋር መታገል አይገባውም።

ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ሌላ ነው። የቤንዚን መኪና የፍሬን መርጃ፣ ማለትም ፔዳሉን የሚያለሰልሰው ከበሮ መሰል ዕቃ፣ የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው ባዶ አየርና በውጭው አየር ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው። የውጭው ግፊት በሩብ ሲቀንስ መርጃው የሚሰጠው እገዛም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ አንድ ዓይነት ፍሬን ለማግኘት እግር አጥብቆ መርገጥ አለበት። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ መርጃው ለሁለት ወይም ለሦስት መርገጫ የሚበቃ ብቻ ይተርፈዋል፤ መሪውም ይከብዳል።

«ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ ቁልቁለት በፎሌ መውረድ፣ አንዳንዴም ሞተር አጥፍቶ መልቀቅ፣ እንግዲህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ቁጠባውም ቢሆን እውነት አይደለም። በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚሠራ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ተነሥቶ ሲወርድ መርጫውን ፈጽሞ ይዘጋል፤ ቤንዚን አይጠጣም። በፎሌ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ማቃጠል አለበት። በፎሌ የሚወርደው አሽከርካሪ ፍሬኑን እየከፈለ ቤንዚንም ያባክናል ማለት ነው።

ትክክለኛው አወራረድ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ነው። አንድ ባዶ መኪና ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ይወርዳል፤ ተሳቢ የቀጠለ ደግሞ ከዚያ አንድ ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ማርሹ የሚገባው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ መሞከር አንዳንዴ ፎሌ ላይ ያስቀራል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪናም ቢሆን «ዲ» ላይ ተትቶ መውረድ የለበትም፤ «2» ወይም «ኤል» የተባሉት ቦታዎች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። የቤንዚን ሞተር በመያዝ ረገድ ጥሩ ነው፤ የአየር መግቢያው ሲዘጋ ከባዶ አየር ጋር ስለሚታገል ዙሩን ይይዛል። ነገር ግን ይህም ኃይሉ በከፍታ ምክንያት ስለሚቀንስ ብቻውን በቂ አይሆንም። ፍሬን ሲያስፈልግ ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን ማውረድ፣ ከዚያም እግርን ሙሉ በሙሉ አንሥቶ ሸራው እንዲቀዘቅዝ ጊዜ መስጠት ይመከራል። እግርን ለረጅም ጊዜ ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ ሸራውን ቀስ ብሎ ይጠብሰዋል። የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ከሰመጠ ጉዞው ወዲያው ይቆማል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማስቀዝቀዝ ያስፈልጋል። የጋለ ፍሬን ላይ ውኃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ፍሬኑ ጨርሶ ከከዳ የሚቀሩት ምርጫዎች ጥቂት ናቸው። ማርሽ በየደረጃው መቀነስ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳይነጥቁ ቀስ በቀስ መሳብ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከገደሉ ወገን ሳይሆን ከተራራው ወገን መጠጋትና ጎኑን እያሻሹ ማቆም። መኪናው ይጎዳል፤ ሰው ግን ሊተርፍ ይችላል።

የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ

በአውሮፓ ሕግ የራሱ ፍሬን የሌለው አነስተኛ ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም መብለጥ አይፈቀድለትም፤ የሚጎትተውን መኪና ግማሽ ክብደትም ማለፍ የለበትም። ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የራሱ ፍሬን ይኖረዋል። የብሪታንያ የካራቫን ማኅበረሰቦች ደግሞ ልምድ ለሌለው አሽከርካሪ ተሳቢው ከመኪናው ባዶ ክብደት 85 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። እነዚህ ቁጥሮች የወጡት በአብዛኛው ለዝቅተኛ ሀገር መንገድ ነው። ለላስታ ከዚህም መቀነስ ይሻላል፤ ግማሽ ክብደት ላይ መቆም የሚያስቆጭ አይመስልም። ይህ ማለት 1,200 ኪሎ ግራም ለሚመዝን የቤት መኪና ተሳቢው ከነጭነቱ ስድስት ኩንታል ገደማ መሆን አለበት ማለት ነው። የመኪናው አምራች በመመሪያ መጽሐፉ ያስቀመጠው የመጎተት ወሰን ከዚህ ካነሰ ደግሞ እሱ ይቀድማል። አንዳንድ ትንንሽ መኪኖች ጭራሽ እንዲጎትቱ አልተፈቀደላቸውም።

በየጋራዡ ተበይዶ የሚሠራ ተሳቢ ብዙውን ጊዜ ሳጥንና ጎማ ብቻ ይሆናል። ፍሬን የሚገጠምለት ከሆነ የሚመረጠው ተሳቢው መኪናውን ሲገፋ በራሱ የሚይዘው ዓይነት ነው። ይህም ቢሆን ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳያቋርጥ ስለሚይዝ ይግላል፤ በየእረፍቱ የጎማውን መሐል በእጅ ጀርባ ሳይነኩ፣ ቀርቦ ሙቀቱን በማየት መፈተሽ ያስፈልጋል። መጎተቻው ጋንቾ የሚበየደው ከሻንሲው ጋር እንጂ ከመከላከያው ጋር መሆን የለበትም። ከጋንቾው ሌላ ወፍራም ሰንሰለት ተሻግሮ መታሰር አለበት፤ ጋንቾው ቢለቅ ተሳቢውን ከመንገድ የሚያስቀረው እሱ ብቻ ነው። የስቶፕና የፍሬቻ መብራትም ከተሳቢው ኋላ ይሠራሉ ወይ ብሎ ማየት ከመነሣት በፊት የሚፈጸም ነው።

ጭነት አቀማመጥ ላይ አርሶ አደሩ ከማንም የተሻለ ያውቃል። አህያ ላይ የኋላው ሸክም ከከበደ እንስሳዋ እንደምትንገዳገድ ሁሉ፣ ተሳቢም ክብደቱ ከአክሱ ኋላ ሲሆን ጅራቱን እንደ እባብ ያወዛውዛል። ከባዱ ዕቃ ከአክሱ በላይና ጥቂት ወደ ፊት፣ ከወለሉ ጋር ይቀመጣል። በጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት በአውሮፓ ልማድ ከተሳቢው ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ፣ በአሜሪካ ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ይደረጋል። ከ5 በመቶ በታች መሆኑ ግን አይመከርም። መወዛወዝ ከጀመረ መፍትሔው ነዳጅ መስጠት አይደለም፤ ፍሬን በድንገት መርገጥም አይደለም። እግርን ከነዳጁ አንሥቶ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። የካራቫን ግድግዳ ሰፊ በመሆኑ የጋሸናን አምባ የሚጠርገው ነፋስ ከጎን ሲመታው ይህ ችግር በባዶ ሜዳ ላይም ሊመጣ ይችላል።

ሰው በተሳቢ ውስጥ ማሳፈር በየትኛውም ሁኔታ ተገቢ አይደለም። ለገና ወደ ላሊበላ የሚመጣው ምእመን ሲበዛ፣ መጓጓዣም ሲጠፋ ፈተናው ይመጣል። በዚህ መንገድ ላይ ግን ተሳቢው ቢገለበጥ የሚያስተርፍ ቀበቶም መቀመጫም የለውም።

በመንገድ ዳር ያሉት

ላሊበላ ቅዳሜ ገበያዋ ነው። ከየገጠሩ እህል፣ በግና ፍየል ይዞ የሚመጣው ሰው መንገዱን ከመኪናው ጋር ይጋራል። ተሳቢ የቀጠለ መኪና ጠባብ ኩርባ ላይ ሲዞር የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ይቆርጣል። መኪናው አልፏል ብሎ ከጠርዙ ወደ መንገዱ የተመለሰ እረኛ ወይም ልጅ በተሳቢው ሊመታ ይችላል። ልጆችን «መኪናው ሳይሆን ጭራው ይለፍ» ብሎ ማስተማር የመምህራንም የወላጆችም ድርሻ ነው። ተሳቢ ላይ በሩጫ መንጠልጠልም እንዲሁ መከልከል አለበት። አሽከርካሪው በበኩሉ ሰፋ አድርጎ ይዞራል፣ ኩርባ ሳይደርስ ጥሩምባ ይነፋል። ከኋላው መኪኖች ሲደረደሩም ለጥ ያለ ቦታ አግኝቶ ያሳልፋል፤ በዝግታ የሚወጣን ተሳቢ ትዕግሥቱ ያለቀ ሾፌር ኩርባ ላይ ለመቅደም መሞከሩ አይቀርምና። በመሸ ጊዜ፣ በክረምት ጭጋግም ሲወርድ፣ ይህን መንገድ ከነተሳቢ አለመጀመር ይመረጣል።

ነዳጅን በተመለከተ፣ ተሳቢ የቤንዚን ፍጆታን በሩብ፣ ካራቫን ከሆነ በግማሽም ሊጨምር ይችላል። በ50 ሊትር 500 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና 330 ላይ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ከወልድያ ሳይሞሉ ወደ ጋሸና መውጣት አይመከርም። በመንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ከነጭ ጋዝ ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ነዳጅ ጭነት ሲበዛበት ሞተሩን ያንኳኳል፣ ፒስተኑንም ይጎዳል። ትርፍ ቤንዚን በካራቫን ውስጥ ሰው ከሚተኛበት ጋር አይቀመጥም። የሦስተኛ ወገን መድን በሀገራችን ግዴታ መሆኑ ይታወቃል፤ ውሉ ተሳቢውንም ይሸፍን እንደሆነ፣ የመንጃ ፈቃዱም ምድብ ይፈቅድ እንደሆነ ከመነሣት በፊት ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል።

የላስታ ሌሊት ይበርዳል። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከእሱ የሚወርደው ቅዝቃዜ በቆርቆሮና በፕላስቲክ ግድግዳ የተሠራ ቤት ውስጥ ያለን ሰው ማሞቂያ እንዲፈልግ ያደርገዋል። ከሰል የተቀጣጠለበት ምድጃ ወደ ተዘጋ ካራቫን ወይም መኪና ማስገባት ግን ሽታ በሌለው መርዛማ ጋዝ በእንቅልፍ ይገድላል። ብርድ ልብስ መደረብ ወይም ከተማ ገብቶ ማደሪያ መያዝ ይሻላል።

እነዚህን ሁሉ አስልቶ ክብደቱ የበዛበት ወይም የተሳቢው ፍሬን የማያስተማምነው ሰው ያለው አማራጭ ቀላል ነው። ተሳቢውን ወልድያ ላይ በሚጠበቅ ግቢ አስቀምጦ በባዶ መኪናው ወይም በሕዝብ ማመላለሻ ወደ ላሊበላ መቀጠል ይችላል። ጭነት ያለው አርሶ አደርም አሥሩን ኩንታል በአንድ ጊዜ ከሚጎትት በሁለት ጉዞ ቢያመላልሰው፣ አለዚያም ከሌሎች ጋር ተባብሮ አይሱዙ ቢከራይ ይሻለዋል።